ዐይን ጨፍናችሁ መጽሐፍ ለምትገልጡ

ልጆቼ፣

ሰው ሲጨንቀው መጽሐፍ አንሥቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ የገለጠውን ገጽ መልስ ነው ብሎ መያዙ የቆየ ነገር ነው። ሮማውያን በቨርጂል ግጥም ያደርጉት ነበር፤ ኢራናውያን ዛሬም በዓመቱ ረጅሙ ሌሊት፣ በያልዳ፣ የሐፊዝን ግጥሞች ይገልጣሉ። ስለዚህ “ተዉት” እያልኩ አልደክምም። ግን መጽሐፍ እንዴት እንደሚገለጥ እወቁ።

መጽሐፍ ያለ ምክንያት አይገለጥም። በክር የተሰፋው ብዙ ጊዜ በ16 በ16 ገጽ እየታጠፈ የተደራረበ ነው፤ ክሩ በሚታይበት በየእጥፉ መሐል ላይ ቶሎ ይዘረጋል። በሙጫ የተጣበቀው ደግሞ ጀርባው አንዴ ከተሰበረ እዚያው ላይ ደጋግሞ ይከፈታል። የሚሰበረውም አንድ አንባቢ ዘርግቶ በደፋበት ወይም እስክሪብቶ ሰክቶ ባከረመበት ገጽ ነው። በዚያ ላይ እጃችን ወደ መሐል ያደላል፤ የፊትና የኋላ ገጾች እምብዛም አይደርሳቸውም። “ሦስቴ ብገልጠው ሦስቴም ያው መጣ” የሚል ሰው ያገኘው ምልክት ሳይሆን የተሰበረ ጀርባ ሊሆን ይችላል።

እውነተኛ ዕጣ ከፈለጋችሁ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው 10 ቁራጭ ወረቀቶች አዘጋጁ። መጽሐፉ 320 ገጽ ከሆነ ሦስት ጊዜ አውጡ፤ ያወጣችሁትን በየጊዜው መልሱ። 0፣ 4፣ 7 ከወጣ ገጽ 47 ነው። 000 ወይም ከ320 በላይ ከመጣ ሦስቱንም ትታችሁ እንደገና ጀምሩ። አሰልቺ ነው፤ ግን አሰልቺነቱ ራሱ ይጠቅማል፣ ሰው በሰከንድ ውስጥ አሥር ጊዜ እንዳይገልጥ ያግደዋል።

መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት። ያልተጻፈ ጥያቄ ገጹ ከታየ በኋላ ከመልሱ ጋር እየተለካ ይሰፋል። ደግሞም አንድ መስመር ብቻ አትቁረጡ። መዝሙር 14 ላይ “አምላክ የለም” የሚል ቃል አለ፤ ከፊቱ ያለውን ስታነቡ ይህን በልቡ የሚለው ሰነፍ ነው። ስለዚህ ቢያንስ የፊቱንና የኋላውን ገጽ አንብቡ።

የምሳሌያዊ አነጋገር መድበል ለዚህ ሥራ ከሁሉ የባሰ ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የሚለው ቢወጣላችሁ ትቆያላችሁ፤ “ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው” ቢወጣ ትሮጣላችሁ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የትኛው ለእናንተ እንደሚሆን ግን መድበሉ አያውቅም።

ብዙ ሰው ኋላ የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነውን አውግስጢኖስን ይጠቅሳል። በ386 በሚላን “አንሥተህ አንብብ” የሚል የልጅ ድምፅ ሰምቶ የጳውሎስን መልእክት ገለጠ፤ ሮሜ 13፥13-14 ወጣለት፤ ሕይወቱ ተለወጠ። የሚረሳው ግን አለ፦ የገለጠው እንግዳ መጽሐፍ አልነበረም፣ ሲያነበውና ሲታገልበት የቆየ ነው። ኋላም ወንጌልን እየገለጡ የዓለማዊ ጉዳይ ዕጣ ማውጣትን እንደማይወድ ራሱ ጽፏል። በ506 በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ በአግድ፣ የተሰበሰበው የቤተ ክርስቲያን ጉባኤም ይህን ከለከለ።

ታዲያ ምን ይረባል? ገጹን አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ የሚሰማችሁን ያዙ። “እፎይ” አላችሁ ወይስ ከፋችሁ? “ሂድ” የሚል ገጽ ወጥቶ ሆድ የሚያምም ከሆነ፣ መሄድ አልፈለጋችሁም ማለት ነው፤ ይህን የነገራችሁ መጽሐፉ አይደለም። “ይኼ አይቆጠርም፣ አንዴ ልድገም” ማለት ካማራችሁም መልሱ ያ ነው፤ ገጹ ምን እንዲላችሁ እንደምትመኙ ታወቀ። በሕመም፣ በፍርድ ቤትና በብድር ጉዳይ ግን መጽሐፍ አትግለጡ፤ እዚያ ባለሙያ አለ።

የወጣላችሁን፣ የተሰማችሁንና ቀኑን በዚያው ጥያቄ ሥር ጻፉና አንድ ሌሊት አሳድሩት። ወረቀቱን ግን መጽሐፉ ውስጥ አትተዉት፤ እዚያ ከከረመ በሚቀጥለው ጊዜም የሚከፈተው ያው ገጽ ነው።