ቲማቲሙን የወጋው ከፎሶሊያው የተሻገረው ነው

ጥያቄው ከአዳማ ነው። አንዲት እናት በጓሯቸው ቲማቲም፣ ቃሪያና ፎሶሊያ ያለማሉ። የቲማቲሙ ቆዳ ላይ ነጣ ያለ ቢጫ ነቁጥ ወጣ፤ ሲልጡት ከሥሩ ነጭና ስፖንጅ የመሰለ ሆኖ አገኙት። አንድ ሰው «በሽታ ነው» ብሎ ማንኮዜብ ረጨላቸው። አልተሻለም። ቀጥሎ ከገበያ በሃይላንድ ጠርሙስ የመጣ ስም የለሽ ፈሳሽ ረጨበት። ክፉኛ የተጎዳው ከፎሶሊያው ጎን ያለው መደብ ነው፤ ፎሶሊያው ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ደርቋል። «ምን ላድርግ?» ይላሉ።

እናቴ፣ የፎሶሊያውን መድረቅ ባይጽፉልኝ እኔም አመነታ ነበር። አሁን ግን ጥርጣሬዬ አንድ ነው፦ የሚገማው አረንጓዴ ትኋን። ጀርባው ጋሻ ይመስላል፣ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ግድም ነው። ፎሶሊያ ይወዳል፤ ሲደርቅበት አጠገቡ ወዳለው ለምለም ይሻገራል። ቱታ የሚባለው የቲማቲም አባጨጓሬ ቢሆን ፍሬው ተበስቶ፣ ቅጠሉም ውስጥ ለውስጥ ተበልቶ ያዩት ነበር። ማንኮዜብ የሻጋታ መድኃኒት ነው፤ ትኋንን ምንም አያደርገውም። እንዲህ በግምት የሚረጩ ሰዎች ስንት ጓሮ እንዳበላሹ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ በፊት ግን የሃይላንዱ ነገር። ምንነቱ ያልተጻፈበት ፈሳሽ ተረጭቶ ስንት ቀን እንደሚቆይ ማንም ሊነግርዎ አይችልም። አሁን ተክሉ ላይ ያለውን ፍሬ አይብሉት፣ ለዶሮም አይስጡት፤ ከውሃ ጉድጓድ ራቅ አድርገው ይቅበሩት። ጠርሙሱን ልጅ ውሃ መስሎት እንዳያነሳው ዛሬውኑ ይቆልፉበት።

ስለ ትኋኑ አፍ ልንገርዎ፤ ይህ የገባው ሰው ሌላውን ራሱ ይደርስበታል። ትኋን አይቆርጥም፣ አያኝክም። አፉ መርፌ ነው፤ በመርፌው ውስጥ ሁለት ቀጭን ቦዮች አሉ። በአንዱ ምራቁን ወደ ፍሬው ይሰዳል፣ ምራቁ ሥጋውን ያሟሟል፣ በሌላው የሟሟውን ይመጥጣል። የተወጋው ቦታ ይሞታል፣ በባዶው አየር ይገባል፤ ያ ነው ከቆዳው ሥር ነጭ ደመና መስሎ የሚታየው። ፍሬው ሲቀላ እሱ ሳይቀላ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ ያዩት ነቁጥ በአብዛኛው ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ የተወጋው ነው፤ አሁን ምንም ቢረጩ አይጠፋም። ደግሞም ምግቡን ከውስጥ ስለሚመጥጥ፣ ቅጠል ላይ ተቀምጦ እስኪበላ የሚጠብቅ መርዝ እንደ አባጨጓሬ አይገድለውም።

እንግዲህ ሥራው የእጅ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርዱ ሳይለቀው፣ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በባልዲ ይያዙ። ትኋን ሲነካ ራሱን ወደ ታች ይጥላል፤ ባልዲውን ከሥር ደቅነው ቅርንጫፉን ያራግፉ። ከደረቀው ፎሶሊያ ይጀምሩ፤ መብረር ያልቻሉት ግልገሎች እዚያ ቀርተው ይሆናል። አራግፈው ሲጨርሱ ነቅለው በማዳበሪያ ከረጢት ከትተው አፉን ይሰሩት፣ ፀሐይ ላይ ይተዉት።

ቀጥሎ የቅጠሉን ጀርባ ይገልብጡ። እንቁላሉ በርሜል በርሜል መስሎ ተደርድሮ፣ ከ30 እስከ 130 የሚሆን በአንድ ቦታ ተጣብቆ ያገኙታል። ክሬም ወይም ብርቱካንማ ከሆነ ከነቅጠሉ ቆርጠው ባልዲ ውስጥ። የጠቆረውን ግን ይተዉት፤ ጥቃቅን ተርቦች ወግተውት የራሳቸውን ልጅ እያሳደጉበት ነው። ያ የሃይላንድ ፈሳሽ እነዚህንም ሳይፈጅ አልቀረም፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

ለግልገሎቹ በ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው አካላቸው ላይ ይርጩ፤ አስቀድመው በአንድ ቅጠል ይሞክሩት፣ በፀሐይም አይርጩ። ትልልቆቹን ሳሙና እምብዛም አይጎዳቸውም። ርካሹን የእጅ መርጫ አይግዙ፤ ለቅጠሉ ጀርባ ወደ ላይ ሲያዞሩት ውሃ መሳብ ያቆማል፣ በወሩም ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ይህን በየሁለት ቀኑ ለአምስት ሳምንት ይቀጥሉ፤ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ትኋን የሚፈጀው ጊዜ ያን ያህል ነው። መረብ ማልበስም ይረዳል፣ ቲማቲም አበባውን ራሱ ስለሚያዳቅል ንብ አይፈልግም። የወባ አጎበር ግን አይሁን፤ መድኃኒት የተነከረ ነው፣ እሱ ለእርስዎ አልጋ ነው። እንደገና እላለሁ፦ ማንም ቢያባብልዎ ስም የሌለው ጠርሙስ ወደ ጓሮዎ አይግባ።

ለመጪው ጊዜ ፎሶሊያውን ከቲማቲሙ አርቀው ይዝሩት፣ ተለቅሞ ሲያልቅም ሳይደርቅ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ በጠዋት አራግፈው ይንቀሉት።