ልጁን ያመጣው ገንዘብ የማን ነው?

ልጆቼ፣

ብቻቸውን ድንበር ተሻግረው አሜሪካ የገቡ ሕፃናትን የሚረከቡ ሰዎችን ቤት የመመርመር ሥራ ልትጀምሩ የተዘጋጃችሁ አላችሁ። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዚሁ ሥራ ነው። ጠቃሚ ነው ያልኩትን ልንገራችሁ።

አሠራሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ያለ ወላጅ ድንበር ላይ የተያዘ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በ72 ሰዓት ውስጥ ከድንበር ጠባቂዎች እጅ ወጥቶ ወደ መጠለያ መዛወር አለበት። ከዚያ የሚረከበው ስፖንሰር ይፈለጋል። መጀመሪያ ወላጅ፣ ቀጥሎ ዘመድ፣ እነሱ ከጠፉ የቤተሰብ ወዳጅ። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የአሜሪካ የፀረ ሰው ንግድ ሕግ የቤት ጥናትን ግዴታ ያደረገው ለተወሰኑ ልጆች ነው። የሰው ንግድ ሰለባ ለሆኑ፣ ለተደበደቡ ወይም ለተደፈሩ፣ የአካል ጉዳት ላለባቸው፣ ስፖንሰሩ ራሱ በግልጽ ለሚያሰጋቸው። የብዙዎቹን ቤት ግን ለዓመታት ማንም ሄዶ አላየውም። እናንተ የተላካችሁበት ቤት እንግዲህ ዕድለኛ ነው።

መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ ድህነቱ ነው። ሜሪላንድ ላንግሊ ፓርክ አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ታገኛላችሁ። ሳሎኑ በመጋረጃ ተከፍሏል። አጎትየው ሌሊት ጽዳት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። አትደንግጡ። እኛስ ዲሲ ስንገባ ዘመድ ቤት ሳሎን ላይ ፍራሽ ዘርግተን አይደል እንዴ የጀመርነው? ይልቅ ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ተከራዮቹ እነማን እንደሆኑ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ከውስጥ ይቆለፍ እንደሆነ እዩ። ያረጀውን ሶፋ ተዉት።

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ዕዳን ነው። ልጅ ከጓቴማላ ወይም ከሆንዱራስ በደላላ ሲመጣ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፈላል። ማን ከፈለ? ተበድሮ ከሆነ ከማን? ወለዱስ? በመያዣነት የተሰጠ መሬት አለ? ስፖንሰሩን ለብቻው፣ ልጁን ለብቻው፣ አገር ቤት ያለችውን እናት ደግሞ በስልክ ለብቻዋ ጠይቁ። ሦስቱም መልሶች ከገጠሙ መልካም። «ልጁ ሠርቶ ቀስ እያለ ይመልሳል» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግን ሌላውን ጥያቄ አቁማችሁ የዚህን ዝርዝር ጠይቁ።

ይህን ፍርሃት ከባዶ አላመጣሁትም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦሃዮ፣ ማሪዮን አካባቢ፣ በእንቁላል እርሻዎች ላይ በግዳጅ የሚሠሩ የጓቴማላ ልጆች ተገኙ። ገና 14 ዓመት የሆናቸው ነበሩባቸው። በቀን 12 ሰዓት ያህል የዶሮ ቤት ያጸዳሉ፣ የዶሮ ሳጥን ይጭናሉ፣ ያወርዳሉ። የሚኖሩት ባረጁ ተጎታች ቤቶች ውስጥ ነው። ደሞዛቸውን ደላሎቹ ይወስዱታል። የቤተሰቦቻቸው የመሬት ወረቀት ለዕዳው ተይዟል። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የወጣ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ሪፖርት እንደሚያሳየው፣ ከልጆቹ በርካታዎቹን ከመጠለያ አውጥቶ ለእነዚህ ሰዎች ያስረከበው መንግሥት ራሱ ነው። ስፖንሰሮቹ «ዘመድ ነን፣ ወዳጅ ነን» ብለው ፎርም ሞሉ። ቤታቸውን አስቀድሞ ሄዶ ያየ ሰው አልነበረም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «አክስቷ አዲስ አበባ ወስዳ ታስተምራታለች» ተብላ ከገጠር መጥታ፣ ሕፃን ስታዝልና እንጀራ ስትጋግር የምትውል ልጅ ያላየ ማነው? ዝምድናው እውነት ነው። ቤቱም ንጹሕ ነው። ልጅቷ ግን ከቤቱ ልጆች ጋር አንድ ማዕድ አትቀርብም። ትምህርቱም የማታ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ያንን የምታውቁትን ነገር ይዛችሁ ግቡ። የቤቱ ልጆች ስንተኛ ክፍል ናቸው? አዲሱ ልጅ የት ይመዘገባል? ጠዋት ማን ይቀሰቅሰዋል? የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮውን ማን ይዞለታል?

የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ራሱ መሥራት እንደሚፈልግ ይነግራችኋል። እናቱ ትጠብቃለቻ! ይህን ሲል አትቆጡት። ከትምህርት በኋላ ሕጉ በሚፈቅደው ሰዓት መሥራት ነውር የለውም። ሌሊቱን ሙሉ ቄራ ማጠብ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በ8 ግዛቶች በሥጋ ማቀነባበሪያዎች ጽዳት የተሰማሩ፣ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆኑ 102 ልጆችን ማግኘቱን ይፋ አድርጓል። ብዙዎቹ የሌሊት ፈረቃ ነበሩ።

ስለ ቋንቋም አደራ። ፋይሉ ላይ «ስፓኒሽ ተናጋሪ» ይላል። ከጓቴማላ ሁዌሁዌቴናንጎ ክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ግን አፉን የፈታው በማም ወይም በቃንሆባል፣ በማያ ሕዝቦች ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ስፓኒሹ ለ«አዎ» እና ለ«ደህና ነኝ» ብቻ ይበቃዋል። አፋርኛ ብቻ ለሚችል ኢትዮጵያዊ የአማርኛ አስተርጓሚ ሲመደብ ምን እንደሚፈጠር እናንተ ታውቃላችሁ። ትክክለኛውን አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ቢዘገይም ጠብቁ። የስፖንሰሩ ሚስት ተርጉማላችሁ ልጁ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም ካለ፣ ቃለ መጠይቅ አደረግን አትበሉ።

ግን ደግሞ ጥንቃቄ ማለት ማጓተት አይደለም። ወላጅን የሚናፍቅ ልጅ መጠለያ ውስጥ በየወሩ ይጎዳል። 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወደ ኢሚግሬሽን ፖሊስ እጅ ሊተላለፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የስፖንሰሮች የጣት አሻራ ለኢሚግሬሽን ፖሊስ መሰጠት ሲጀምር፣ ልጅ ለመረከብ ከቀረቡት ከ100 በላይ ሰዎች ታሠሩ። ብዙ ዘመዶች ፈርተው ቀሩ። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህም መታወቂያው፣ የገቢ ማስረጃው፣ የዲኤንኤ ምርመራው ጠብቋል። በር የከፈተላችሁ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። እናንተም «መረጃችሁ ለማንም አይሰጥም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የማትጠብቁት ቃል ነው። ማን እንደሚያየው የምታውቁትን ያህል ንገሯቸው።

ውሳኔው መጠለያዎቹን የሚያስተዳድረው የፌዴራል ቢሮ ነው፣ የእናንተ የውሳኔ ሐሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ «ቤቱ ምቹ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ። ምን እንደጎደለና በምን እንደሚሟላም ጻፉ። አልጋ ብቻ ለጎደለው አጎት አልጋ ይፈለግለት።

ከማስረከቡ በኋላ በ30ኛው ቀን ገደማ የሚደረግ የስልክ ጥሪ አለ። ስፖንሰሩ «ደህና ነው፣ ተኝቷል» ካላችሁ፣ ልጁን አገናኙኝ በሉ። ካልተገኘ ማታ ደውሉ። በማሪዮኑ ጉዳይ ከልጆቹ አንዱን ለማየት የሄደ ባለሙያ በስፖንሰሩ ተከልክሎ ተመልሷል፣ ፋይሉም ተዘግቷል። እናንተ አትዝጉት። ትምህርት ቤት መመዝገቡን አጣሩ። እዚያም ከሌለ በዚያኑ ቀን ለአካባቢው የሕፃናት ጥበቃ ቢሮ አመልክቱ።