መልስ፦ በጉሮሮ የሚዜመው የሞንጎሊያ ዜማ የሻማኖች ሙዚቃ ነው ወይ?

አይ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያምታታል። ሻማን ማለት ከመናፍስት ጋር ይገናኛል ተብሎ የሚታመን ሰው ነው። አንተ ቪዲዮ ላይ ሰምተህ የጠየቅኸው በጉሮሮ የሚዜም ዜማ፣ «ሆሚ»፣ በአብዛኛው የእረኞችና የመድረክ ጥበብ ነው። ዩኔስኮም በ2010 እ.ኤ.አ. የሞንጎሊያ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል።

የሻማኑ ዋና መሣሪያ ከበሮ ነው። በአንድ ፊቱ ብቻ ቆዳ የተወጠረበት ሰፊ ከበሮ ሲሆን፣ ቆዳው ጠበቅ እንዲል መጀመሪያ እሳት ዳር ይሞቃል፤ እነሱ እንደሚያምኑት ደግሞ ሻማኑ ወደ መናፍስት ዓለም የሚጋልበው ፈረስ ወይም አጋዘን ከበሮው ራሱ ነው። በሰሜን ሞንጎሊያ፣ ኹቭስጉል በሚባለው አካባቢ የሚኖሩት የዳርኻድ ሕዝብ ሻማኖች አፍ ላይ ተይዞ በጣት የሚነዘር ትንሽ የብረት መሣሪያም ይጠቀማሉ። ድምፁ ይገርማል!

ልብሱንም አትርሳ። ላባ የተሰካበት የራስ መጠምጠሚያ፣ ፊትን የሚሸፍን ዘርፍ፣ ጀርባ ላይ የተንጠለጠሉ ብረቶች አሉት፤ ሰውየው (ወይም ሴትዮዋ፣ ሴት ሻማኖችም አሉ) ሲንቀሳቀስ ብረቱ ስለሚንሿሿ ለእኔ ልብሱም መሣሪያ ነው። መንፈሱ ሲወርድ የሚናገረውን ረዳት ይተረጉማል።

በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የሞንጎሊያ ኮሚኒስቶች ሻማኖቹን ክፉኛ አሳደዷቸው፣ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በይፋ ተመልሰዋል። አሁን ለቱሪስት የሚቀርብ አጭር ትርኢትም ስላለ፣ ቪዲዮ ስትመርጥ ረዘም ያለውን ፈልግ።