ጆሹዋ ትሪ በፀደይ፦ ድንጋዩ ሞልቷል፣ የሚቸግረው ማደሪያው ነው

እህቴ፣ ጥያቄሽ በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ትንሽ ታገሺኝ። እንደገባኝ አራት ሆናችሁ በማርች መጨረሻ ወይም በኤፕሪል ከቨርጂኒያ ተነሥታችሁ ድንጋይ ለመውጣት በካሊፎርኒያ በረሃ ወዳለው ወደ ጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ልትበሩ ነው። ያላችሁ ጊዜ አምስት ቀን ነው። ሁላችሁም የተለማመዳችሁት በቤት ውስጥ የመወጣጫ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከመካከላችሁ ሁለቱ ገመድ እየሳቡ ፊት መውጣት ይችላሉ። የምትጠይቂው የት እንደምታድሩ፣ ምን እንደምትወጡና ባለሙያ መሪ መቅጠር ያስፈልግ እንደሆነ ነው። ጾም ላይ መሆናችሁንም ጠቅሰሻል፤ ወደ እሱም እመጣለሁ። እኔ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ሙቀቱ ከሚበርድበት ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ፀደይ ድረስ አጋጣሚ ባገኘሁ ቁጥር እዚያ ነኝ።

ጽሑፍሽ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው ስጋት «ድንጋዩን ሁሉ ሰው ይዞብን ይሆን?» የሚለው ነው። በዚህ አትጨነቂ። ፓርኩ ወደ 3,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ የተመዘገቡት የመውጫ መስመሮች 8,000 ገደማ ናቸው፤ ያለ ገመድ በፍራሽ ላይ የሚሠሩት አጫጭሮቹ ደግሞ ሌላ 2,000 ያህል ይሆናሉ። ድንጋይ አያልቅባችሁም። የሚያልቀው የማደሪያ ቦታና የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ከዓለቱ አናት ላይ አስተማማኝ መልሕቅ፣ ማለትም ገመዱ የሚንጠለጠልበትን ማሰሪያ፣ መሥራት የሚችል ሰው ነው። ዕቅዳችሁን በእነዚህ በሦስቱ ዙሪያ ካዋቀራችሁት ሌላው ነገር በራሱ መልክ ይይዛል።

ቀኑን በመምረጥ ጀምሩ። በዓመት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይህን ፓርክ ይጎበኛል፤ ማርችና ኤፕሪል ደግሞ እጅግ የሚጨናነቅባቸው ወራት ናቸው። የትምህርት ቤቶች እረፍት አለ፣ የበረሃው አበባ አለ፣ በዚያ ላይ የምዕራባውያን ፋሲካ ይጨመርበታል። በኤፕሪል በቅርቡ ባለችው በኢንዲዮ ከተማ ኮቼላን የመሰሉ ትልልቅ የሙዚቃ ድግሶች ስለሚካሄዱ በእነዚያ ቅዳሜና እሑዶች የሆቴሉ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ብለሽ የጻፍሽውን ወደ እሑድ ማታ እስከ ዓርብ ጠዋት ብትለውጡት ያው አምስት ቀን ሌላ ቦታ የሄዳችሁ ያህል ይለያል። የሥራ ፈቃድ ማግኘቱ ቢከብድም ሊታገሉለት የሚገባ ነገር ነው። ቅዳሜ የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ ማለትም በአሜሪካ አቆጣጠር ከ8 በፊት፣ በምዕራቡ በር አልፋችሁ ግቡ። ከዚያ በኋላ በር ላይ የሚጠብቃችሁ የመኪና ሰልፍ ነው። ከትዌንቲናይን ፓምስ በኩል ያለው የሰሜኑ በር ብዙ ጊዜ ይሻላል። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ሲሆን ለሰባት ቀን ያገለግላል፤ ገንዘቡን በኢንተርኔት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል።

ከእኔ በፊት መልስ የሰጠሽ አባል «ሬድ ሮክ ይሻላችኋል» ብሏል። ላስ ቬጋስ አጠገብ ያለው ሬድ ሮክ እጅግ ግሩም ቦታ ነው፤ አልከራከርም። ነገር ግን በፀደይ ወደ ውስጠኛው መንገድ ለመግባት ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃል። ድንጋዩም አሸዋማ ስለሆነ ዝናብ ከነካው በኋላ ደርቆ ጥንካሬው እስኪመለስ አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው። ጆሹዋ ትሪ የመግቢያ ሰዓት አያስይዝም፤ ድንጋዩ ግራናይት በመሆኑም ዝናቡ አባርቶ ገጹ ሲደርቅ ወዲያው መውጣት ይቻላል። ለአምስት ቀን ከሩቅ ለሚበር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደ ማደሪያው እንምጣ። ጃምቦ ሮክስ፣ ኢንዲያን ኮቭ፣ ራያን፣ ብላክ ሮክና ኮተንውድ የተባሉት የድንኳን ቦታዎች ሪክሪኤሽን ዶት ጋቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ይያዛሉ። የፀደይ ቅዳሜዎች ወዲያው ነው የሚያልቁት። አሁን ብትገቢ የምታገኚው የተሰረዘ ቦታ ነው፤ እሱም ቢሆን ጠዋትና ማታ የሚፈትሽ ሰው ካለ ይገኛል። ከአራታችሁ አንዱን ለዚህ ሥራ መድቡት። የድንጋይ ወጪዎች ሁሉ ልብ ያለው ግን ሂደን ቫሊ የተባለው የድንኳን ቦታ ላይ ነው። ድንኳንሽን ከፍተሽ ስትወጪ ዓለቱ ከፊትሽ ነው፤ ያሉት 44 ቦታዎች ብቻ ሲሆኑ የሚሰጡትም ቀድሞ ለደረሰ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ወይም ሰኞ ጠዋት ከደረሳችሁ ዕድል አላችሁ፤ ዓርብ ማታ ከደረሳችሁ የላችሁም። አንድ ቦታ እስከ ስድስት ሰውና ሁለት መኪና ስለሚይዝ ሁለት ሆነው አንዱን ቦታ የያዙ ወጪዎች ብታገኙ በትሕትና ጠይቁ፤ ክፍያውን መጋራት እዚያ የተለመደ ነው። አበሻ እንግዳ ተቀባይ ነው እንላለን፤ እነዚህም አያሳፍሩም።

ኢንዲያን ኮቭን ለእናንተ ለብቻው አነሣዋለሁ። ከዋናው ፓርክ በመንገድ አይገናኝም፤ የራሱ መግቢያ ከሀይዌይ 62 ላይ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ይሞቃል፤ ዓለቶቹም ነፋሱን ይከልላሉ። የፀደይ ነፋስ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ በደንብ ያልተወጠረ ድንኳን ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። ሂደን ቫሊ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ በማርች ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ ሲሆን ሌሊቱ ግን ከ10 በታች ይወርዳል። ፀሐይ ላይ በካናቴራ የወጣ ሰው ጥላ ውስጥ ገመድ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ጋቢ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ለሌሊቱ ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም።

ከፓርኩ ውጭ በደቡብ በኩል በመንግሥት መሬት ላይ በነፃ ማደር ይቻላል፤ ከመውጫው ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስነዳል። ሆቴል ከመረጣችሁ ዩካ ቫሊና ትዌንቲናይን ፓምስ አሉ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ሞንዞግራናይት የሚባል ሲሆን ከመሬት በታች ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ቅልጥ ድንጋይ ነው፤ ለዚህም ነው ቅንጣቶቹ እንዲህ የሚጎሉት። እጅን እንደ ሞረድ ይበላል። ለስንጥቅ መውጫ እጃችሁን በፕላስተር ጠቅልሉ፤ በሁለተኛው ቀን ታመሰግኑኛላችሁ። ሻካራነቱ ግን ባለውለታም ነው፤ የሚያዝ ነገር በሌለበት ተዳፋት ላይ ጫማ ተለጥፎ ይቆማል። ግድግዳ ላይ በቀለም የተለዩ መያዣዎችን ለለመደ ሰው ይህን ማመን ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ስለ መስመሮቹ የክብደት ደረጃ እውነቱን ልንገርሽ፤ ከ5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን መስመሩ ይከብዳል። ብዙዎቹ መስመሮች የተከፈቱት ዮሰሚቴ የተባለው የካሊፎርኒያ ተራራማ ፓርክ ወጪዎች ክረምቱን እዚህ ይለማመዱ በነበረበት ዘመን ነው፤ ያኔ የደረጃው ጣሪያ ዝቅተኛ ስለነበረ 5.8 የተባለ ነገር ዛሬ ሌላ ቦታ 5.9 ወይም ከዚያ በላይ ሊባል ይችላል። አንቺ ቤት ውስጥ 5.10 እወጣለሁ ብለሻል። በ5.5 እና 5.6 ጀምሩ። ይህን የምለው ንቄያችሁ አይደለም፤ ቦልቶቹ፣ ማለትም ገመዱ የሚያያዝባቸው ዓለቱ ላይ የተተከሉ ብረቶች፣ ተራርቀው ስላሉ ነው። ኤኮ ሮክ ላይ ያለው ደብል ዲፕ የተባለው መስመር 5.6 ነው፤ እንቅስቃሴው ቀላል ነው፤ ሆኖም ከአንዱ ቦልት እስከ ሚቀጥለው ያለውን ርቀት ያየ ሰው ደረጃውን ይረሳዋል።

ለመጀመሪያ ቀን ከምዕራቡ በር ሲገቡ ቀድሞ የሚገኘው በኩዌል ስፕሪንግስ ያለው ትራሽካን ሮክ ጥሩ ነው፤ አጫጭርና ቀላል መስመሮች አሉት፤ የተማሪ ቡድኖች ስለሚያዘወትሩት ግን በማለዳ ሂዱ። ኢንዲያን ኮቭ ውስጥ ሾርት ዎል አለ። ከዚያ በኋላ ኢንተርሴክሽን ሮክ ላይ ማይክስ ቡክስ የተባለውን መስመር፣ ሄሚንግዌይ በተባለው ዓለት ላይ ደግሞ ዋይት ላይትኒንግን መሞከር ይቻላል። ሄሚንግዌይ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ ነው፤ በኤፕሪል ከሰዓት በኋላ ሂዱበት። ይህን ሒሳብ ለሁሉም ዓለት ሥሩ፤ በፀደይ የጥላ አቅጣጫ ማወቅ የመስመሩን ስም ከማወቅ ይበልጣል። ደብል ክሮስ የተባለውን 5.7 ሁሉም ሰው ይጠቁማችኋል፤ ውብ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ነው። ስሙ ግን ከአደጋ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ካም፣ ማለትም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እየሰፋ የሚይዝ መሣሪያ፣ አስገብቶ ማመን ያልለመደ ሰው ደረጃውን ብቻ አይቶ ስለሚገባበት ነው። በዚህ ጉዞ ፊት ሆናችሁ አትውጡት።

ይህ ወደ መልሕቁ ይወስደናል፤ ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ቤት ውስጥ ገመዱ ተሰቅሎ ይጠብቃችኋል። ጆሹዋ ትሪ ውስጥ በብዙ መስመሮች አናት ላይ ምንም ቦልት የለም፤ ስንጥቅ ፈልጎ ካምና ሽብልቅ እያስገቡ፣ ቢያንስ ሦስት ነጥብ አገናኝቶ ክብደቱን እኩል ማካፈል የወጪው ሥራ ነው። ቦልት ያለበትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ራቅ ብሎ ስለሚተከል መልሕቁን እስከ ጠርዝ የሚያወርድ 15 ወይም 20 ሜትር የማይለጠጥ ገመድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ መውጫ ገመዳችሁ በሻካራው ጠርዝ ላይ ይፈተጋል። ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ማሰር ክልክል ነው። መውረጃውም ሌላ ራስ ምታት ነው፤ ብዙ ቦታ በገመድ ሳይሆን ከኋላ በኩል በእጅና በእግር እየተንፏቀቁ ነው የሚወረደው። ከመጀመራችሁ በፊት መውረጃው የት እንደሆነ አጣሩ፤ ሰው ከደከመ በኋላ ያለ ገመድ የሚያልፍባት ያቺ ቦታ አደገኛዋ ናት። ሄልሜት ለወጪውም ለገመድ ያዢውም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፦ አዎ፣ ባለሙያ ቅጠሩ፤ ግን ለአንድ ቀን ብቻ፣ እሱም ለመጀመሪያው ቀን። ከፓርኩ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር በፓርኩ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ ከዚያ ውጭ በርካሽ የሚያባብላችሁን አትስሙ። ስትደውሉ «አውጡን» አትበሉ፤ «መልሕቅ መሥራት አስተምሩን» በሉ። ክፍያው ለአራት ሲካፈል ከአንድ ሌሊት ሆቴል ብዙም አይርቅም፤ ቀሪዎቹን አራት ቀናት የሚከፍትላችሁ እሱ ነው። ባለ 60 ሜትር ገመድ ይበቃችኋል፤ አብዛኛው መስመር ከ30 ሜትር አይበልጥም።

በፀደይ አሞራዎችና ጭልፊቶች ጎጆ የሚሠሩባቸው ዓለቶች ለጊዜው ይዘጋሉ፤ ዝርዝሩን ከመሄዳችሁ በፊት እዩ። እባቡም ከክረምት እንቅልፉ የሚነቃው በዚሁ ወቅት ስለሆነ እጃችሁን ወደማታዩት ስንጥቅ አትስደዱ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ሂደን ቫሊ ላይ የፓርኩ ጠባቂዎች ለወጪዎች ቡና እያፈሉ ይጨዋወታሉ፤ ስኒ ይዛችሁ ሂዱና ስለተዘጋው ሁሉ እዚያው ጠይቁ። ቡናው ቀጭን ነው፤ ጀበና ይዞ የሄደ አበሻ እዚያ ወዳጅ አያጣም።

ውሃ በመውጫው አካባቢ የለም። ምግብ የለም፣ ነዳጅ የለም፣ በአብዛኛው ቦታ የስልክ ኔትወርክም የለም። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 4 ሊትር፣ እየወጡ ከሆነ እስከ 8 ሊትር አስቡ፤ ካርታውንም ከከተማ ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ሂደን ቫሊ ላይ ኢንተርሴክሽን ሮክ አጠገብ የአደጋ ጊዜ ስልክ አለ፤ አራታችሁም የት እንዳለ እወቁ።

ጾሙን በተመለከተ ከየነፍስ አባታችሁ በላይ ልናገር አልደፍርም። የማውቀውን ብቻ ልበል፦ እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ በበረሃ ፀሐይ ሌላ ሰው በገመድ መያዝ የሁለት ሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። በሰዓት የምትጾሙ ካላችሁ መውጣቱን ከሰዓት በኋላ በጥላ አድርጉት፤ በኤፕሪል እስከ ምሽት ብርሃን አለ። ለሌላው የጾም ምግብ ለዚህ ጉዞ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል፤ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ማታ ደግሞ በጋዝ ምድጃ ላይ በሩብ ሰዓት የሚደርስ ሽሮ። እንጀራውን ከሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ፣ ከአበሾች ሰፈር፣ ግዙ፤ በላስቲክ ካልታሸገ ግን የበረሃው አየር በግማሽ ቀን አድርቆ ይሰባብረዋል።

ከሎስ አንጀለስ ፋንታ ፓልም ስፕሪንግስ አውሮፕላን ማረፊያ ብታርፉ ጆሹዋ ትሪ ከተማ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ትኬቱ ግን ብዙ ጊዜ ይወደዳል። በሎስ አንጀለስ ከመጣችሁ መመለሻችሁን እሑድ ማታ አታድርጉት፤ ከሰዓት በኋላ በረሃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ከተማ የሚመለስ ስለሚመስል መንገዱ የሦስት ሰዓቱን አምስት ሊያደርገው ይችላል። ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ያ ሳምንት ከተመቸኝ የማይለጠጠውን ገመድና ካሞቼን ይዤ እመጣለሁ።