የገዥ ግቢ ስትጎበኙ ከጓሮው ጀምሩ

ልጆች፣ ይሄን የምጽፈው ደሴ ለምትኖሩትም፣ ቤተሰብ ልትጠይቁ ለምትመጡትም ነው። ዕድሜዬን በግንባታ ሥራ ላይ ያሳለፍኩ መሐንዲስ ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አሮጌ ሕንፃ ሳይ ግን ዛሬም ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም።

አይጠየፍ አዳራሽ፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረው ደሴ ያለው አዳራሽ፣ ስትሄዱ ከጓደኛ ጋር ፎቶ ተነሱ፣ ጥሩ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ አያታችሁን ይዛችሁ፣ ሕፃናቱን አስከትላችሁ ሂዱ። እኔ ከእናቴና ከልጅ ልጆቼ ጋር ነበር የሄድኩት። ልጆቹ “አባባ፣ ንጉሡ የት ነበር የሚቀመጡት?” እያሉ ይጠይቁኛል። እናቴ ከዘራዋን ተደግፋ ዙሪያውን አየት አደረገችና “ይሄን ሁሉ ሰው የሚያጠጣው ውሃ ከየት ነበር የሚቀዳው? ማንስ ነበር የሚሸከመው?” አለች። እኔ ስለ ገዥ ቤት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ንጉሥ ሚካኤልን ታውቋቸዋላችሁ። መሐመድ አሊ ተብለው ተወለዱ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሱ፣ በ1906 ንጉሥ ሆኑ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። ይሄን መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። ግብር በሚበላበት ቀን ሌሊቱን ሙሉ እንጀራ ስትጋግር ያደረችው፣ ጠጅ የጣለችው፣ ከወንዝ እንስራ አዝላ ዳገቱን የወጣችው ሴት ግን ስሟ የት አለ? ማሩም፣ ቅቤውም፣ ሰንጋውም የመጣው ከገበሬው ጎተራና በረት ነው። የእነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም እዚሁ ደሴ፣ ኩታበርና ሐይቅ አሉ፣ ምናልባትም አንዷ የእናንተው አያት ናት።

እና ጠይቋት። “እማማ፣ ከቤተሰባችን በንጉሡ ግቢ ውስጥ ያገለገለ ሰው ነበር ወይ?” በሏት። ከጉብኝቱ ስትመለሱ ቡና ይፈላ፣ ስልካችሁ ድምፅ ይቅረጽ፣ እናንተ ዝም በሉ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙ ነገር ይወጣል። አላስታውስም ካለችም አብሽሩ፣ ሌላ ቀን ይመጣላታል።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህች ከተማ በኅዳር 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባለች። የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም ደግሞ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል፣ ያንን እናንተው በዓይናችሁ ያያችሁት ነው። ዕቃው ሲወሰድ የሚቀረው ሰው የሚያስታውሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ያረጃል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣና፣ ግንባታ ለምትማሩት። ግድግዳው ጋ ጠጋ በሉ። የመስኮቱን ጎን በክንዳችሁ ለኩ፣ የማዕዘኑ ድንጋይ ከመሃሉ ይተልቅ እንደሆነ እዩ፣ ቀና ብላችሁ ጣሪያው ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ፈትሹ። እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት የሚታመመው ከላይ ነው፣ ቆርቆሮ ያፈሳል፣ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ይሰርጋል፣ ጭቃው ይላላል፣ ከዚያ ድንጋዩ መናድ ይጀምራል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ዝናብ ቀልድ የለውም። አንድ ቀን ጥገና ከተሰጣችሁ ከምንም በፊት ጣሪያውንና የጎርፍ መውረጃውን አስተካክሉ። በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ እንዳትለስኑ፣ አደራ። ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል፣ ለሁለት ለሦስት ዓመት ያምራል፣ ከዚያ ልስኑ ከነድንጋዩ ተገንጥሎ ይወርዳል። ኖራ ግን ያስተነፍሰዋል። አለቃችሁ “ሲሚንቶው ይፈጥናል” ቢላችሁም በትሕትና ተከራከሩት፣ እሱ አልሰማ ካላችሁ ሐሳባችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ቅጂውንም አስቀሩ።