የድሮ ሪቮልቨር ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

መላሽ፦ ሰላም ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ወገኖች። ዛሬ ስለ አሮጌ ሪቮልቨር፣ ማለትም የጥይት ቤቱ ስለሚሽከረከር ሽጉጥ፣ ጠይቁኝ። ዕድሜው እንዴት ይታወቃል? ዋጋውስ ከምን ይመጣል? ብረቱ ላይ ስለሚመታው ማህተም ከጠየቃችሁኝ እስኪመሽ አወራለሁ። ሦስት ነገር ግን አስቀድሜ ልናገር። ፈቃድ የሌለው ሰው አይገዛም፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ጥይት እንደሌለበት ያላረጋገጠ ሰው አይንካ። ሦስተኛው፣ ማንም ሰው ሽጉጡን ፈትጎ እንዳይወለውል። ደግሜ እላለሁ፣ ማንም!

የሽምብጡ፦ ጋሼ፣ አንድ ሰውዬ ሪቮልቨር ሊሸጥልኝ ነው። አያቱ አድዋ ላይ የማረኩት ነው ይላል። ላዩ ላይ «ማርክ 6» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ጎኑ ላይ ደግሞ 1917። ስንት ልክፈል?

መላሽ፦ ዋጋውን ተወውና መጀመሪያ ዕድሜውን እንይ። ያየኸው ዌብሊ ማርክ 6 ነው። የእንግሊዝ ጦር የተቀበለው በፈረንጅ 1915፣ በእኛ 1907 ነው። አድዋ 1888። ስለዚህ በመካከላቸው 19 ዓመት አለ። 1917 የሚለው የተሠራበት ዓመት ነው፤ እሱም በፈረንጅ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቁጥሩን ሲያይ በእኛ አቆጣጠር ይይዘዋል። በእኛ 1909 ወይም 1910 መሆኑ ነው።

ባዶ መሆኑን ካየህ በኋላ አካሉን በዝግታ ተመልከት። ወደ ላይ ያየች ትንሽ የቀስት ጫፍ ታገኛለህ። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ነው ማለት ነው። ሁለት የቀስት ጫፎች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ካየህ ደግሞ መንግሥት ከአገልግሎት አውጥቶ ሸጦታል። ከዚያ ቁጥሩን ፈልግ። አካሉ ላይ፣ አፈሙዙ ላይና የሚሽከረከረው የጥይት ቤት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ሽጉጡ እንደተወለደ አለ። ከተለያየ ከሁለት ሽጉጥ የተሰፋ ነው፤ ዋጋው በጣም ይወርዳል። የጥይት ቤቱ ጀርባ ተሞርዶ ከሆነም እንደዚያው፤ ሌላ ዓይነት ጥይት እንዲጎርስ ሲሉ የሚሞርዱት አለ።

ጎጃም እንዴት ገባ ካልከኝ፣ እኔ ብሆን ወደ 1933 ነበር የማየው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር በኦሜድላ ሲገቡ፣ በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌድዮን ጦር በጎጃም አቋርጦ ነው ደብረ ማርቆስ የደረሰው። የእንግሊዝ መኮንን ወገብ ላይ ደግሞ ዌብሊ ወይም ኢንፊልድ አይታጣም ነበር። ሻጩ ይዋሻል አልልም። አያቱ አድዋ ዘምተው ሊሆን ይችላል። ይሄ ሽጉጥ ግን አልዘመተም። ታሪኩ ከብረቱ ጋር ካልገጠመ ለታሪኩ ብለህ አንድ ብር እንዳትጨምር። ፈቃድህንም አስቀድም።

የቀበሌ 14ቱ፦ የድሮ ሽጉጥ አለኝ። ስንት ያወጣል?

መላሽ፦ ምን ዓይነት? የት የተሠራ? ማህተሙ ምንድን ነው? «የድሮ» ተብሎ ዋጋ አይወጣም። ቀጥሎ።

የዘጌው፦ እኔ ያየሁት የፋብሪካ ስም የለውም። የጥይት ቤቱ ላይ ብቻ እንቁላል የመሰለች ትንሽ ክብ አለች። ውስጧ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፣ ኢ፣ ኤል፣ ጂ። ከሥር ኮከብ አለ። ቻይና ነው ያሉኝ።

መላሽ፦ እሰይ፣ እንዲህ ነው መጠየቅ! ቻይና አይደለም። የቤልጂግ ከተማ የሊዬዥ ማህተም ነው። ሊዬዥ የጠመንጃ ሠሪዎች ከተማ ናት፤ ሽጉጥ የሚገጣጥሙ ትንንሽ ቤቶች ሞልተውባት ነበር። የእንግሊዙንም የአሜሪካኑንም እየቀዱ ይሠራሉ፤ አብዛኛው ላይ ስማቸውን አይጽፉም። ማንም ይሥራው ማን ግን፣ ሽጉጡ ከመሸጡ በፊት ፈታኝ ቤት ይገባል። እዚያ ከልኩ በላይ ባሩድ ተጎርሶ ይተኮሳል። ካልፈነዳ ይህች ማህተም ትመታበታለች። ስለዚህ ያየሃት የፈተና ምስክር እንጂ የሠሪው ስም አይደለችም።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ከክቧ በላይ ዘውድ አለ ወይስ የለም? ሊዬዥ ዘውዱን የጨመረችው በፈረንጅ 1893፣ በእኛ 1885 ነው። ዘውድ ከሌላት ሽጉጡ ከዚያ በፊት ተፈትኗል። ካላት በኋላ ነው። በቃ፣ አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ዘውድ ሽጉጡን ከሁለት ዘመን በአንዱ ትመድብልሃለች። ፀሐይ ላይ አትታይም፤ ብረቱ ያብረቀርቅብሃል። ጥላ ውስጥ ግባና የስልክህን መብራት ከጎን አግድም አብራባት። አጉሊ መነጽር ካለህ ጥሩ። ዘውድ የለሽ ሆኖ ብታገኘው ደግሞ አድዋ ነበር ብለህ እንዳትዘል። ከአድዋ በፊት ተፈትኗል፣ ያ ብቻ ነው የታወቀው።

የዘጌው፦ ዘውዱ ያለበት ቦታ ዝጎ ተሸፍኗል። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ልፈትገው?

የፋሲሎው፦ ፈትገው። አባቴ በናፍጣ ነክሮ በብርጭቆ ወረቀት ነበር የሚፈትገው። መስታወት ነበር የሚመስለው።

የሰባታሚቱ፦ አባትህ ሊታጠቀው ነዋ! ይሄ ሰውዬ ለቅርስነት ነው የሚፈልገው። ደግሞ የድሮ ሰው በሞራ ነው የሚያሸው።

የፋሲሎው፦ ሞራ አቧራ ይሰበስባል። የጎጃም አርበኛ መሣሪያውን በምን እንደሚያሽ ለኔ አትነግረኝም።

የጎርጎራው፦ ጎጃም ብቻ ነው እንዴ አርበኛ ያለው? የእነ አሞራው ውብነህ አገር ተረሳ?

የሰባታሚቱ፦ ማን ረሳ? ስለ ሞራ ነው የምናወራው።

መላሽ፦ ተዉ እንጂ! በላይ ዘለቀም አሞራው ውብነህም የሁላችን ናቸው፤ ክርክሩ ይብቃ። የዘጌው፣ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጥ። እባክህ! ዘውዷን ከፈተግካት የሽጉጡን የልደት ወረቀት ቀደድክ ማለት ነው፤ ሌላ ምስክር የለውም። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ሁለት ጠብታ ጣልበት። ይደር። በማግስቱ በጥጥ ጨርቅ ቀስ ብለህ ጥረገው። ካልለቀቀ ድገመው። ቡናማው የቆየ ቀለም የሚበላ ዝገት አይደለም፣ ዕድሜው ነው፤ አትንካው። ብረት የሚበላው ዝገት ቀዩና ዱቄት የሚሆነው ነው።

የጣና ዳር ሰው ሌላም ነገር ይወቅ። ሽጉጥ ቆዳ አፎት ውስጥ አይቀመጥም። ክረምት ላይ ቆዳው የሐይቁን እርጥበት ጠጥቶ ብረቱ ላይ ያስተኛዋል። አፎቱ ያማረ፣ ሽጉጡ የተበላ የሚሆነው ለዚህ ነው። ለየብቻ አስቀምጧቸው። አፎቱም ራሱ ዋጋ አለው፣ አትጣሉት።

የጎርጎራው፦ እሺ፣ እኔም ልጠይቅ። ቃታው ወደ ፊት የሚታጠፍ ነው። ቃታውን የሚከብ የጣት መከላከያም የለውም። ተሰብሮ ነው?

መላሽ፦ አልተሰበረም፣ አፈጣጠሩ ነው። የጣሊያን ቦዴዮ፣ ሞዴል 1889። ስድስት ጥይት ይጎርሳል፤ ጥይቱ 10.35 ሚሊሜትር ነው። ቃታው የሚታጠፈው የተራ ወታደር፣ መከላከያ ያለው የመኮንን። 1889 ግን በፈረንጅ ነው፤ እሱም የሞዴሉ ስም ነው፣ ያንተ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተሠርቷል። አካሉ ላይ የሠሪውን ስም፣ «ብሬሻ» የሚል የከተማ ስምና ዓመት ፈልግ። ቦዴዮ ለአድዋም ለ1928ቱም ወረራ የሚደርስ ሽጉጥ ነው። ዓመቱን ሳታነብ በየትኛው እንደመጣ አትናገር።

የቀበሌ 14ቱ፦ ጋሼ፣ የኔ ሰባት ጥይት ነው የሚጎርሰው። ስንት ያወጣል?

መላሽ፦ አሁን አንድ ነገር ነገርከኝ። ሰባት ከሆነ የሩሲያው ናጋንት ሳይሆን አይቀርም። መምቻውን ስትስበው የጥይት ቤቱ ወደ ፊት ተገፍቶ አፈሙዙ ላይ ይገጥማል፤ ካልተገፋ ውስጡ ተጎድቷል። ጎኑ ላይ ዓመት አለ። ዋጋ አልነግርህም፣ ሳላይ አልናገርም። ፈቃድ አለህ?

የቀበሌ 14ቱ፦ ኢንተርኔት ላይ በፈረንጅ ከ1899 በፊት የተሠራ ፈቃድ አያስፈልገውም ይላል።

መላሽ፦ እሱ የአሜሪካ ሕግ ነው ወንድሜ! ባሕር ዳር ላይ ተይዘህ የአሜሪካ ሕግ ብትጠቅስ ማን ይሰማሃል? ፖሊስ ጋ ሄደህ ጠይቅ። ስንተኛ ጊዜ ነው የምናገረው?

የፋሲሎው፦ አንድ ጊዜ ተኩሶ መሞከርስ?

መላሽ፦ አይሞከርም። ብዙው የድሮ ብረት የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ጥይት እጅህ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል። ቀጥሎ።

የጊሽ ዓባይዋ፦ ጋሼ፣ እኔ የምገዛም የምሸጥም አይደለሁም። አያታችን አርበኛ ነበሩ። ሲሞቱ ሪቮልቨራቸው ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ፈቃዱ አልተገኘም። የአርበኝነት ወረቀታቸውና ታጥቀውት የተነሡት ፎቶ አብሮ አለ።

መላሽ፦ እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማር። መጀመሪያ ሣጥኑን ቆልፊ፤ ልጅ እንዳይደርስበት። ይዘሽው ከቤት አትውጪ፤ ራስሽ ብቻ ፖሊስ ጋ ሄደሽ እንዲህ ያለ ነገር ተገኘ በይ፣ እነሱ የሚሉሽን አድርጊ። ይሄ አይዘግይ።

ወረቀቱንና ፎቶውን ግን ከሽጉጡ በላይ ጠብቂ። እዚህ የተነገሩት ታሪኮች ሁሉ ያጡት ምስክር አንቺ ጋ አለ። ፎቶው ላይ እጀታውን በደንብ እይ፤ ስንጥቅ ወይም ጠባሳ ካለ እውነተኛው ሽጉጥ ላይ ፈልጊው። ከገጠመ ያ ሽጉጥ የአያትሽ መሆኑን ማንም አይከራከርሽም። የሚያውቁ ሽማግሌ በሕይወት ካሉ የት የት እንደዘመቱ ጠይቀሽ ዛሬውኑ ጻፊ። በፎቶው ጀርባ ላይ ግን በእስክሪብቶ እንዳትጽፊ፤ በሌላ ወረቀት ይሁን።

የቀበሌ 14ቱ፦ ጋሼ፣ የኔን ፎቶ ልላክልዎት?

መላሽ፦ ፈቃድህን ጨርሰህ ላክ። ከሁለቱም ጎን፣ ጥላ ውስጥ፣ ቁጥሩና ማህተሙ በቅርበት። ሳትወለውለው!