የጣቢያ መለያ አኒሜሽን አሠራር፦ ከሰሜን ሸዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በፕሮግራሞች መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ታይቶ የቴሌቪዥን ጣቢያውን ማንነት ስለሚያስታውቀው አጭር አኒሜሽን ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳና ከአንኮበር የቀረቡትን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መለያው ስንት ሰከንድ ቢሆን ይመረጣል?

መልስ፦ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ የ8 ሰከንድ መለያ 200 ፍሬም ይኖረዋል፤ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹ 50 ያህል ሎጎው ረግቶ የሚታይባቸው ቢሆኑ ተመልካቹ ስሙን ሳይጣደፍ ያነባል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጣቢያው ምልክት ከጓሳ ሣር መካከል እንዲወጣ አስበን ጀመርን። በኋላ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ በርኖስ የለበሰ እረኛና የጣርማ በር ዋሻ ተጨምረውበት ተጨናነቀ። የትኛውን እናስቀር?

መልስ፦ ሣሩን ብቻ ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ አውጡ። መለያ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም በመሆኑ የሚያስደንቀው ነገር በሁለተኛው ቀን ይለመዳል፤ ሳይሰለች የሚቆየው የእንቅስቃሴው ጥራት ነው። የብሪታንያው ቻናል 4 እ.ኤ.አ. በ1982 ሥርጭት ሲጀምር ማርቲን ላምቢ-ኔይርን ያዘጋጀው መለያ ባለ ቀለም ቁርጥራጮች ከየአቅጣጫው መጥተው የ4 ቁጥርን ሲሠሩ ከማሳየት ያለፈ ነገር አልነበረውም፤ ሆኖም ጣቢያው ፕሮግራሞቹን ከተለያዩ አዘጋጆች የሚያሰባስብ መሆኑን ያ አንድ እንቅስቃሴ ብቻውን ይናገር ነበር። የመንዝ ሰው በቄሮ ሥርዓት (የጋራ መሬትን በኅብረት በሚጠብቅበት ባህላዊ ደንብ) ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው ጓሳም ያለ አጃቢ የሚበቃ ታሪክ አለው። ጭላዳውንና እረኛውን ግን አትጣሏቸው፤ አጨራረሳቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሌሎች መለያዎች ሥሩባቸው።

ሣሩን ስታንቀሳቅሱ ነፋሱ ከአንድ ወገን ይግባ። እያንዳንዱ ዘለላ መጀመሪያ ከወገቡ ይጎንበስ፣ ጫፉ ከሁለት ወይም ከሦስት ፍሬም በኋላ ይከተል፤ ሲመለስም ቀጥ ከሚልበት ትንሽ አልፎ ነው የሚረጋው። ቀጥሎ ያለው ዘለላ በጥቂት ፍሬሞች ይዘግይ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተጎነበሱ ሜዳው ማበጠሪያ ይመስላል።

ጥያቄ፦ አኒማቲክ (ንድፉ ከድምፅ ጋር ተገጥሞ የሚታይበት የሙከራ ቪዲዮ) ሳንሠራ በቀጥታ ወደ ብሌንደር (የአኒሜሽን ሶፍትዌር) ብንገባ ምን ይጎዳናል?

መልስ፦ በእርሳስ የተሣለ ስቶሪቦርድ (የትዕይንቶቹ ተከታታይ ንድፍ) ከድምፁ ጋር ተገጥሞ ሰዓቱ ካልተለካ፣ ሬንደር ከተደረገ (ኮምፒዩተሩ የመጨረሻዎቹን ምስሎች ሠርቶ ካወጣ) በኋላ የሚገኝ ጥፋት ዋጋው ከባድ ነው። ሬንደሩንም በቪዲዮ ፋይል ፈንታ በተከታታይ ምስሎች አውጡት፤ መብራት ቢጠፋ ያለቁት ፍሬሞች አይጠፉም፣ ከቆመበትም ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ ለድምፁ ማሲንቆ ይሻላል ወይስ ዋሽንት?

መልስ፦ ከመሣሪያው በፊት ዜማው ይወሰን። የአሜሪካው ስርጭት ድርጅት ኤን.ቢ.ሲ. ከሦስት ኖታ ባልበለጠ ድምፅ ለአሥርተ ዓመታት ታውቋል፤ እናንተም ከትዝታ ቅኝት ሦስት ወይም አራት ድምፆች መምረጥ ይበቃችኋል፤ ማድ ቤት ሆኖ ቴሌቪዥኑን ከሩቅ የሚሰማ ሰውም ጣቢያውን ሊለየው ይገባል። ለእኔ ከነፋስና ከሣር ጋር የሚስማማው ዋሽንት ነው። የድምፁን መጠን በተመለከተ የአውሮፓ ስርጭት መመሪያ −23 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ. (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ይላል፤ የራሳችሁ ጣቢያ የሚጠይቀውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ጠርዝ ላይ ይቆረጣል።

መልስ፦ ከአራቱም ጠርዞች 5 በመቶ ያህል ባዶ ተዉ።

ጥያቄ፦ ሥራው ማለቁን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ኮምፒዩተሩን ትታችሁ በቤት ቴሌቪዥን፣ በተለመደው የመቀመጫ ርቀት፣ ደጋግማችሁ አጫውቱት፤ አንዴ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ አንዴም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ዓይን የሚቆረቁረው ነገር መቀነስ ያለበት ነው፤ ብዙ ጊዜ ብልጭታው ወይም የሎጎው ጥላ ሆኖ ይገኛል። ስታስረክቡም ከዋናው ጋር ጽሑፍ የሌለበትንና ድምፅ የሌለበትን ቅጂ ጨምሩ፤ ጣቢያው ለበዓል ሰሞን ሲለውጠው ይፈልጋቸዋል።